ሳይመታ የሰጠ

ሴትየዋ ስጦታ ትፈራ ነበር። ሌላው ሰው እባብ ሲያይ እንደሚደነግጠው፣ እሷ በወረቀት የተጠቀለለ ዕቃ ስታይ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች። ሠፈርተኛው «ካውያ» ይላታል። ስሙ የወጣላት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ቆማ ስለተኮሰች ብቻ አይደለም፤ ዝምታዋም አለበት። «ካውያ ሲግል እንጂ ሲናገር ማን ሰምቶ ያውቃል» እያሉ ይቀልዱባታል።

ፍርሃቱ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መንገድ ላይ የተናደደውን ሁሉ አጠራቅሞ ይመጣና እናቷን ከግድግዳ ጋር ያላትማታል። አንድ ጊዜ በቀበቶው ዘለበት ግንባሯን ተረተረው። ሌላ ጊዜ ጣቶቿ መቃኑ ላይ እንዳሉ በሩን ዘጋባት። በማግስቱ ታዲያ ያ ሰው ሌላ ሰው ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቅል ያስቀምጣል። ጫማ፣ መስታወት፣ ሽቶ፤ ለልጅቷም ከረሜላ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጥቅሉን ካየች እናቷን ማየት አያስፈልጋትም፤ የሆነውን ታውቃለች። የማታውቀው ዛሬ ከንፈር ይሁን ዓይን፣ እሱን ብቻ ነው። እናትየዋ ገና ፀጉሯ ሳይሸብት ሞተች። ሐኪሙ ጉበት ነው አለ። ጎረቤቱ ምንም አላለም።

«አባቴን የሚመስል ሰው አላገባም» ብላ ማለች፤ መሐላዋንም የጠበቀች መስሏት ነበር። ያገባችው ጎሚስታ ነው፤ አውራ መንገዱ ዳር ጎማ የሚነፋና የሚለጥፍ፣ መጠጥ በአፉ የማይዞር፣ ጨዋታ አዋቂ። «አንቺ የሰው ልብስ ታቀኛለሽ፣ እኔ የሰው ጎማ እነፋለሁ፤ እኛ ባንኖር ይሄ ሁሉ ሰው ተጨማዶና ተንፍሶ ይቀር ነበር» ይላታል። እሷም ከልቧ ትስቃለች።

በተጋቡ በአራተኛው ወር፣ ሳናግርሽ ጀርባሽን ሰጠሽኝ ብሎ በጥፊ አጮላት። በማግስቱ ሐር መሳይ ሻርፕ ጠቅልሎ አመጣ። ጥቅሉን ሳትፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የጥፊው ሕመም አልነበረም ያስፈራት፤ ጥቅሉን ከልጅነቷ ጀምሮ ስለምታውቀው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘጠኝ ዓመት እየባሰ የሄደ ዓመት ነው። ጉትቻው የመጣው ግራ ጆሮዋ ሳምንት ሙሉ ሲጮህ ከርሞ ነው። የእጅ ሰዓቱ አንጓዋን ጠምዝዞ ሲያወልቀው። ጎማ የሚያወልቅበትን ብረት ይዞ ወደ ቤት የገባ ዕለት ሁለት ጎድኖቿ ተሰነጠቁ፤ ያን ጊዜ የመጣው ብርድ ልብስ ነው። ጎረቤት «ባሏ እኮ ደግ ነው፤ እጁ አይደርቅም» ይል ነበር። እውነትም አይደርቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፣ እሱ ዕቃውን በሰጠ ቁጥር ሲቀለውና ሲረሳ፣ እሷ ዕቃውን ባየች ቁጥር እንደገና ትመታ ነበር።

ሁለት ጊዜ ወደ አጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሄዳለች። በሁለተኛው ጊዜ አንድ ዓይኗ አልከፈት ብሎ ነበር።

«አባ፣ ይገድለኛል» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ትዳር መስቀል ነው፤ መሸከም ነው» አሉ ቄሱ። «ደግሞስ በማግስቱ ስጦታ ይዞ ይመጣል አላልሽኝም? ልቡ ተጸጽቷል ማለት ነው። እኔ ራሴ አደርስሻለሁ።» ክንዷን ይዘው እስከ ደጇ ሸኟት። ጎሚስታው ቄሱን በትሕትና ተቀበለ። ቄሱ መንገዱን ታጥፈው ሲሄዱ በሩን ከውስጥ ቆለፈው።

የገና ዋዜማ ጠዋት ልብስ ማጠቢያ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። የመዘምራኑ ነጭ ልብስ መጥቶ ስለነበር ከንጋት ጀምራ ቆማ ትተኩሳለች። የማጠቢያ ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏት ወፍራምና ተጫዋች መበለት፣ በልብስ ክምር መሃል እየተንጎራደደች «ዘንድሮ መላእክቱ ጨምረዋል ልበል? ወይስ ቀሚሱ ነው የተራባው?» ትላለች።

ልብሱን ሊወስዱ ቄሱ ራሳቸው መጡ። የካውያን አንገት አዩ፤ ከአንገትጌዋ በላይ የበለዘ የጣት ምልክት ነበረበት። አይተው ዓይናቸውን ወደ ልብሱ መለሱ። ከዚያ የነገውን ስብከታቸውን ያወሩ ጀመር።

«ነገ የማስተምረው በአንዲት ቃል ላይ ነው፤ ‹እንዲሁ› በምትለው። እግዚአብሔር ልጁን የሰጠን እንዲሁ ነው። ስለሠራነው ሥራ አይደለም፣ ብድር ሊመልስም አይደለም። እንዲሁ!»

ካውያ የያዘችውን እጅጌ መተኮስ አቆመች። በሠላሳ ሦስት ዓመት ዕድሜዋ እንዲሁ የተሰጣት ነገር ካለ ብላ ፈለገች፤ አጣች።

ከቀትር በኋላ ወደ ቤት ስትመለስ ልጇ ሚጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ሰባት ዓመቷ ነው። ከንፈሯ ለሁለት ተከፍሎ አብጧል፤ የፊት ጥርሷ የለም። ጉያዋ ውስጥ ወርቃማ ፀጉር ያላት አዲስ አሻንጉሊት አለች።

«እማዬ፣ እይልኝ! ዓይኗን ትከድናለች!»

«ከንፈርሽን ምን ሆንሽ?»

«አባዬ ነው። ዘይት ደፍቼ። ግን እኮ ወዲያው ሄዶ ገዛልኝ።» ከዚያ ምሥጢር እንደምትነግራት ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ልብስ የላትም እንጂ። ሌላ ቀን ሲመታኝ ልብሷን ይገዛላታል።»

ካውያ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጅቷን ነክቶ አያውቅም ነበር፤ እሷም ዘጠኝ ዓመት የቻለችው በእኔ ይብቃ ብላ ነው። በእሷ አልበቃም። የልጇን አፍ በውሃ አጠበች፤ ደሙ በጣቶቿ መሃል ወረደ። ከዚያ አሻንጉሊቷን ከእጇ ወሰደችና «ሩጪ፣ እትዬ ጋ ሂጂ። እኔ እስክመጣ እንዳትወጪ» አለቻት።

ጎሚስታው ቤት ውስጥ ነበር፤ ሰውየው የደግነት ሰዓቱ ላይ ነው። የበዓል ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ካውያውን እንኳ ራሱ ሰክቶ ጠብቋታል።

«መጣሽ? ይቺን ለነገ አንድ ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጊልኝ እስቲ» አለ ፈገግ ብሎ።

አሻንጉሊቷን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። «ውሰድ።»

«ምኑን?»

«ስጦታህን። የልጄን ጥርስ በዚህ አትገዛም።»

መጀመሪያ ሳቀ። ደግማ ስትናገር ግን ፈገግታው ከፊቱ ላይ እንደ ቀለም ታጠበ። ብድግ ብሎ በጡጫ አፏን መታት፤ ከዚያ በሁለት እጁ ጉሮሮዋን አንቆ ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ አስተኛት። ጎማ ከብረት የሚያላቅቁ ጣቶች ናቸው። ጣሪያው ጠቆረባት፤ እግሯ አየር ረገጠ። እጇ እየዳከረ ሄዶ አንድ እጀታ አገኘ፤ አሥራ አንድ ዓመት ዓይኗን ጨፍና የምታገኘውን እጀታ።

ካውያውን ክንዱ ላይ አሳረፈችው። ቆዳው ጮኸ። አልለቀቃትም። ሽብሽብ ልብስ ላይ እንደምታደርገው ተጭናው ቆየች፤ የተቃጠለ ሥጋ ሽታ ቤቱን ሞላው። እሱ ሲያገሳ ጣቶቹ ተፈቱ። አየር ስባ ሳትጨርስ ግን ከአልጋው ሥር የጎማ ብረቱን መዝዞ ትከሻዋን አላት፤ አጥንቷ ሲሰበር በጆሮዋ ሰማችው። ሁለተኛውን ሊደግማት ሲያነሳ፣ በደህናው እጇ ካውያውን አሽከርክራ ሹሉን ግንባሩ ላይ አሳረፈችው። ወደቀ። ደሙ በነጩ ሸሚዝ ላይ ፈሰሰ።

ዘጠኝ ዓመት የእሷን ጩኸት ሲሰማ የኖረ ጎረቤት፣ የእሱን ጩኸት ሲሰማ ወዲያው በሩን ሰብሮ ገባ። «ሰው ገደለች!» ተባለ። አልሞተም። ሁለቱንም ፖሊስ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው፤ እሱን በወንዶች ክፍል፣ እሷን በሴቶች።

የገና ዕለት ረፋዱ ላይ፣ ከስብከት በኋላ፣ ቄሱ ከሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር ወደ አልጋዋ መጡ። አስቀድመው ጎሚስታውን አይተውታል። አልቅሷል፤ ክሱን ከተወችለት እኔም እተወዋለሁ ብሏል። አንደኛው ሽማግሌ ባሏ አስገዝቶ የላከውን በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ካውያ ጥቅሉን ስታይ ወደ አልጋው ጠርዝ ዞራ አስመለሰች።

ቄሱ አፏን እስክትጠርግ ጠበቁ። «ልጄ» አሉ፣ «ዛሬ ጌታ የተወለደበት ቀን ነው። ይቅርታ ደግሞ ከስጦታ ሁሉ ይበልጣል። ስጪው።»

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» ድምፅዋ ከታነቀው ጉሮሮዋ እየተፋቀ ነበር የሚወጣው። «እግዚአብሔር ልጁን ሲሰጠን፣ አስቀድሞ ማንን መትቶ ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የማንን ጥርስ አውልቆ ነው ያን ሕፃን ይዞ የመጣው? ማንን አንቆ ነው? ማንንም ካልመታ፣ እርስዎ እንዳሉት እንዲሁ ከሰጠ፣ የእሱና የዚህ ጥቅል ስም አንድ ሊሆን አይችልም። ያኛው ስጦታ ከሆነ፣ ለዚህኛው ሌላ ስም ይፈልጉለት። ደግሞ አምላክ ሥጋ ለበሰ ብለው ያስተምሩናል። ሥጋ ይህን ያህል ክቡር ከሆነ፣ የእኔ ሥጋ ምን አጠፋ? የልጄስ?»

«ሴትዮ፣ አባን ልታስተምሪ ነው እንዴ?» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

ቄሱ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ወለሉን እያዩ «ሁለት ጊዜ መጥታ፣ ሁለት ጊዜ ክንዷን ይዤ የመለስኳት እኔ ነኝ» አሉ፤ ለሽማግሌዎቹ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀም። ከዚያ ወደ እሷ ቀና አሉ። «የመታሽ እሱ ነው፤ መውጫውን የዘጋሁብሽ ግን እኔ ነኝ። ይቅርታ ስጪ ልልሽ አልችልም፤ ከፈቀድሽ የምለምንሽ እኔ ነኝ።»

ጥቅሉን ለባለቤቱ መልሱለት ብለው ሽማግሌዎቹን ላኳቸው።

ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ባልየው ተንኮለኛ ጠበቃ አቁሞ ነበር፤ የገዛ ባሏን የጠበሰች አውሬ አደረጋት። ቄሱ ግን ምስክር ሆነው ቆሙ። መቼ እንደመጣች፣ ዓይኗ እንዴት እንደነበረ፣ እሳቸውም ምን ብለው እንደመለሷት፣ ራሳቸውን ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ከምእመኑ ግማሹ «አባ ትዳር አፍራሽ ሆኑ» ብሎ አኮረፋቸው፤ ለፋሲካ እንኳ ሰላም ያላላቸው ነበር። ዳኛው እሷን ነፍሷን ለማዳን ነው የመታችው ብለው በነፃ አሰናበቷት፤ እሱን አምስት ዓመት ፈረዱበት።

ካውያና ሚጣ ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ገቡ። በገቡ በሳምንቱ እትዬ አዲስ ነጠላ ጫማ አምጥታ እግሯ ሥር ጣል አደረገችላትና «ወለሉ ይቀዘቅዛል» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ካውያ ሦስት ቀን አላደረገችውም፤ ጥፊውን እየጠበቀች ነበር። በአራተኛው ቀን እትዬ «እግርሽ ነው ወይስ ጫማዬ ነው የሚሸተው?» ስትላት፣ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት፤ ጫማውንም አጠለቀችው።

ባልሽን ይቅር ብለሽዋል ወይ ብለው የሚጠይቋት ዛሬም አሉ። ስትጸልይ ስሙን ታነሳለች፤ በሩን ግን አትከፍትለትም። ስለዚያ ቀን ስትናገርም አትፎክርም። ያ የተቃጠለ ሥጋ ሽታ አንዳንድ ጊዜ ከእንፋሎቱ ውስጥ ይመጣባትና ካውያውን አስቀምጣ ደጅ ትወጣለች።

ባለፈው ወር አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ሚጣ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የሰደባትን ልጅ አፍንጫውን ሰብራ መጣች። እጇ ላይ ደም ነበረ፤ ፊቷ ላይ ኩራት።

«የእናቴ ልጅ ነኝ» አለች።

ካውያ እጇን አጠበችላት። «እኔ የመታሁት ጉሮሮዬ ታንቆ ነው። አንቺን ማን አነቀሽ?» አለቻት። ያኔውኑ ይዛት ወጣች፤ ገበያውን አቋርጠው፣ ልጁ ቤት ደጃፍ ደረሱ።

«ምን ልበለው?» አለች ሚጣ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«የሠራሽውን ንገሪው። ሳትጨምሪም፣ ሳትቀንሺም።»

በሩን የከፈተችው የልጁ እናት ናት። ሁለቱን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፤ ከዚያ ለሚጣ መንገድ ለቀቀችላት። ሚጣ ብቻዋን ገባች፤ ካውያ እዚያው ደጅ ቆማ ቀረች።