አስተዳዳሪው ቆመው የመለሱ ቀን

የዞኑ ምክር ቤት ሥራ የገባሁ ቀን መጀመሪያ እጄ ላይ የተሰጠኝ የውኃ ጆግ ነው። የሰጡኝ እቴ ሉባባ ናቸው። የአዳራሹን ጽዳትና መስተንግዶ ለብዙ ዓመት ብቻቸውን ይዘው የኖሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ነበሩ። "ይህን ሞልተሽ ከበሩ እስከ መድረኩ ሂጂና ተመለሺ" አሉኝ። ሄጄ ተመለስኩ። ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ያለውን አሳዩኝና "እስከ አፉ አትሙዪው፤ ሰው ፊት ያዋርድሻል" አሉ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ባሌ ሲሞት ሰንበቴ ከተማ የነበረንን ትንሽ ሱቅ ዘግቼ፣ ልጄን ዘሀራን ይዤ ከሚሴ ገባሁ። ሲፈጥረኝ ፈሪ ነኝ። በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ መቆለፉን አያለሁ። እቴ ሉባባ ይህን ባዩ ጊዜ ሳቁብኝ። "ፈሪ ነው የምፈልገው። ከአንቺ በፊት የመጣችው ደፋር ነበረች፤ ብርጭቆዬን ፈጅታብኝ ሄደች" አሉኝ።

ጉባኤ ሲኖር በጠዋት ገብቼ ወለሉን እወለውላለሁ፣ ወንበሮቹን በረድፍ አስተካክላለሁ። የስም ሰሌዳውን የፕሮቶኮል ባለሙያው በሚነግረኝ መሠረት መድረኩ ላይ አኖራለሁ፤ አፈ ጉባኤዋ መሃል፣ ምክትላቸው በግራ፣ አስተዳዳሪው በቀኝ። ብርጭቆ ባለቤቱ እስኪቀመጥ ድረስ ተደፍቶ ይቆያል። ስሄድ ግድግዳውን ታክኬ ነው። ሰው ማይክራፎን ይዞ ከተነሣ ባለሁበት ቀጥ እላለሁ፤ በተናጋሪውና በመድረኩ መሃል ማለፍ አይፈቀድም። ውኃ የሚቀርበው ለመድረኩ ብቻ ነው። አባላቱ በእረፍት ሰዓት በረንዳ ላይ ካለው በርሜል ይጠጣሉ።

የጉባኤው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። እኔ ሁለቱንም እኩል ስለምሰማ የቱ ነገር በየትኛው እንደተባለ አንዳንዴ አላስታውስም። እዚህ ሁሉንም በአማርኛ ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያው ጉባኤዬ ያየሁት ነገር እስካሁን ያስቀኛል። አስተዳዳሪው ጥያቄ ሊመልሱ ከወንበራቸው ሲነሡ አዳራሹ በሙሉ አብሯቸው ተነሣ። እኛ ዘንድ የተከበረ ሰው ቆሞ ሌላው አይቀመጥም።

"አባቶቼ፣ እባካችሁ ተቀመጡ" አሉ አስተዳዳሪው።

ፊት ረድፍ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌው አባል ሼህ ይመር፣ "አንተ ተቀመጥና እንቀመጣለን" አሉ።

"እኔማ ልመልስ ነው የቆምኩት።"

"መልስ፤ እኛም ቆመን እንሰማሃለን። እንግዳ አስቁመን የምንቀመጥ ምን ያሳደገን ነን?"

በመጨረሻ አስተዳዳሪው ተቀመጡ፣ አዳራሹም ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ መልስ በመቀመጥ ሆነ። አስተዳዳሪው ሪፖርታቸውን ተቀምጠው ያነባሉ፣ ሽማግሌ ተነሥቶ ይመርቃል፣ ሁሉም አሚን ይላል። የሚጠይቅም ቢኖር ምርቃቱ ረዝሞ ጥያቄው መጨረሻው ላይ ትንሽ ይሆናል። እኔም ዕቃዬን ሰብስቤ አጥባለሁ። እቴ ሉባባ ጡረታ ወጡ፣ ጆጉ ለእኔ ቀረ። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

ነገሩን የለወጠው ጀማል የሚባለው የቪዲዮ ባለሙያ ነው። አፈ ጉባኤዋ ለአባላቱ ሥልጠና አዘጋጁና፣ ጀማል በሌሎች አገሮች ጉባኤ እንዴት እንደሚካሄድ ግድግዳው ላይ አሳየን። አንዱ የአየርላንድ ምክር ቤት ነበር። አንድ ሰውዬ ቆሟል። ዙሪያውን ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዷ ሴት ብድግ ብላ ትጠይቀዋለች፣ ጠይቃ ትቀመጣለች፣ እሱ ቆሞ ይመልሳል። ሲያረዝም ከኋላው ያለው ሰብሳቢ ይበቃሃል ይለዋል፤ እሺ ብሎ ያሳጥራል።

ሼህ ይመር ከዘራቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩ። "ይህ ሰውዬ ምን አጥፍቶ ነው የሚያስቆሙት?"

"ምንም አላጠፋም ሼህ። የአገሩ መሪ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው።"

"ታዲያ ለምን ይቆጡታል?"

"መጠየቅ ሥራቸው ነው። መመለስ ደግሞ የሱ ሥራ።"

"ነገም ይመጣል?"

"ይመጣል። ምክር ቤቱ በተሰበሰበ ቁጥር ይጠይቁታል።"

"ሱብሃነላህ!" አሉ ሼህ ይመር። 

እኔ ትሪ ይዤ ግድግዳው ሥር ነበርኩ።  አንድ አገር በእጁ ያለ ሰው፣ ጦር የሚያዝ፣ ገንዘብ የሚያዝ፣ አንዲት ሴት ስለጠየቀችው ብድግ ብሎ ይቆማል። እሷ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ቋንቋውን አልሰማም፤ ግን ፊቱ ላይ የሚያስብ ሰው አየሁ። መሃል ላይ አጠገቡ ካለው ብርጭቆ ጎንጨት አለ። የእሱም ጉሮሮ ይደርቃል ብዬ በጣም ገረመኝ።

ከሥልጠናው በኋላ አፈ ጉባኤዋ አዲስ ደንብ አወጁ። ጠያቂ ቆሞ ይጠይቃል፣ ጠይቆ ይቀመጣል። አስተዳዳሪው ቆመው ይመልሳሉ። ሌላ ማንም አይነሣም።

በዚያው ዘመን ልጄ ዘሀራ የምክር ቤቱ አባል ሆና ነበር። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ባለ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፣ የመረጧትም እዚያው ያሉ ሰዎች ናቸው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል። እሷ የክትባቱን ሳጥን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ትሻገራለች። በክረምት ደመና ባየሁ ቁጥር እስክትመለስ በር በሩን አያለሁ። ድልድይ ይሠራል ተብሎ ሁለቱ ዳር ላይ ድንጋይ ተከምሮ ነበር፤ ድንጋዩ ሣር አበቀለበት።

አዲሱ ደንብ የሚጀመርበት ቀን ጠዋት ቤት ውስጥ ሻርፗን እያስተካከለች፣ "እማ፣ ዛሬ ስለ ድልድዩ እጠይቃለሁ" አለችኝ።

"ሌላ ሰው ይጠይቅ።"

"ማን?"

"ሼህ ይመር አሉ አይደል። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ማንም አይቀየማቸውም።"

"ሼህ ይመር ወንዙን አይሻገሩም።"

"ዘሀራ፣ አስተዳዳሪው የኔም አለቃ ናቸው። ደግሞ በአዲሱ ደንብ ይቆማሉ። አንቺ ልጅ ሆነሽ እሳቸውን አስቁመሽ ልትቀመጪ?"

"ደንቡ ነው እኮ እማ። አንቺ ውኃሽን ቅጂ፣ እኔ ጥያቄዬን ልጠይቅ" አለችና ጉንጬን ስማኝ ወጣች። እኔ በሩን ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት።

ጉባኤው በዱዓ ተከፈተ። ጥያቄ ያለው ሲባል ዘሀራ እጇን አወጣች። ማይክራፎኑን ይዛ ተነሣች፣ ሰላምታ አቀረበች፣ አባቶችን ይቅርታ ጠየቀች። "ክቡር አስተዳዳሪ፣ የቦርከና ድልድይ..." ብላ አቋረጠች። ድምፅዋ ጠፋ። ጠረገችው፣ አልመጣም። ደግማ ጠረገችው። በድምፅ ማጉያው ውስጥ የምራቋ መድረቅ ተሰማኝ።

ጆጉ እጄ ላይ ነው። ደንቡ ቁሚ ይላል። ከኋላ ያለ አንድ አባል፣ "ልጅቷ ወንዙን ስትጠራ ውኃ ጠማት" ብሎ አሾፈ፤ ሰው ሳቀ። ዘሀራ ዓይኗ ወደ ወንበሯ ሄደ። ከተቀመጠች ጥያቄው አብሯት ይቀመጣል፤ ያ ወንዝ ደግሞ ሐምሌ ላይ ይጠብቃታል። ይህን እያወቅሁ እግሬ አልላወስ አለኝ።

አስተዳዳሪው የራሳቸውን ብርጭቆ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፉት። "እቴ ፋጤ፣ ይህን ውሰጂላት" አሉኝ በማይክራፎኑ። "አልጠጣሁበትም። ሳትጨርስ ብትቀመጥ ውኃ ከለከላት ተብዬ የምታማው እኔ ነኝ።"

አዳራሹ አሁን በእሳቸው ሳቀ። እኔ አፈ ጉባኤዋን አየሁ፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሂጂ አሉኝ። ብርጭቆውን ይዤ በመሃል፣ በዚያ ሁልጊዜ በተከለከልኩበት ቦታ ሄድኩ። ጠብ አላለም። ሳቀብላት ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። ሼህ ይመር ቀስ ብለው "ጠጪ፣ ኢንተላ ኮ" አሏት፤ የኔ ልጅ ማለታቸው ነው።

ጠጣችና ጠየቀች። "ድልድዩ ከክረምቱ በፊት ያልቃል ወይስ አያልቅም? ካላለቀ ለምን?" አለችና ተቀመጠች።

አስተዳዳሪው ተነሡ። ወንበሮቹ ሁሉ ተንቋቁ። ሼህ ይመር ሊነሡ ወገባቸውን አቅንተው ነበር፤ ደንቡ ትዝ ሲላቸው የወንበሩን ክንድ በሁለት እጃቸው ጨምድደው "ያ አላህ፣ ይህን ቅጣት!" አሉ። ማንም አልተነሣም። የዞኑ አስተዳዳሪ ብቻቸውን ቆሙ፣ ልጄ ተቀምጣ አየቻቸው።

መጀመሪያ ስለ ወረቀት፣ ስለ ጨረታ ብዙ ተናገሩ። አፈ ጉባኤዋ "ጥያቄው ያልቃል ወይስ አያልቅም ነው" አሏቸው። አስተዳዳሪው እጃቸውን ወደ ብርጭቆው ሰደዱ፤ ብርጭቆው የለም፣ ዘሀራ ጋ ነው። በደረቅ አፋቸው "አያልቅም" አሉ።



"ለድልድዩ የመጣውን ብረት ወደ ሌላ ወንዝ ያዛወርኩት እኔ ነኝ" አሉ። "እዚያም ሰው ተቸግሮ ነበር። ለማዶ ሰዎች ግን አልነገርኳቸውም፤ ልነግራቸው ይገባ ነበር። በዚህ ክረምት ክትባቱና ሠራተኛዋ በላይኛው መንገድ በመኪና ይዞራሉ። ድልድዩ በበጋ ይጀመራል። ካልተጀመረ በሚቀጥለው ጉባኤ እዚሁ አቁሙኝ።"

"እናቆምሃለን!" አሉ ሼህ ይመር፣ ሳይነሡ። ሰው አጨበጨበ።

ጉባኤው ሲበተን አስተዳዳሪው በአጠገቤ አለፉ። አንገቴን ደፋሁ። "ልጅሽ ናት አሉኝ" አሉ።

"አዎ ጌታዬ። ካጠፋች..."

"ጉሮሮዬን ነው ያደረቀችው። ሌላ ብርጭቆ አልነበረሽም?" ብለው ስቀው ሄዱ። የእሳቸውን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ አጠብኩት። በፍርሃት ይሁን በደስታ እኔም አልለየሁትም።

ያን ክረምት ዘሀራ በመኪና ዞረች። መንገዱ ረጅምና ጭቃ ነው፤ አንድ ቀን መኪናው ተይዞባት ውላለች። ቢሆንም እግሯ ወንዝ አልነካም። በሚቀጥለው ጉባኤ አስተዳዳሪው ደግመው ቆሙ፣ እሷም ደግማ ጠየቀች። ድልድዩ በዚያ በጋ ዘግይቶ ተጀመረ፣ ዘግይቶም አለቀ። ዛሬ ይታለፍበታል። እኔ ስሻገርበት አሁንም የብረቱን ድጋፍ አልለቅም።

አሁን እኔም ጡረታዬ ደርሷል፣ ጆጉን የምትረከበኝ ልጅ መጥታለች። እስከ አፉ እንዳትሞላው ነግሬያታለሁ። ሌላው የነገርኳት ይህ ነው፦ ለሚመልሰው ብርጭቆ ስታስቀምጪ፣ ለሚጠይቀውም አንድ አስቀምጪ።