በሩ ሲዘጋ ግፊቱ የት ይሄዳል?

ሰፈሩ ጋሼ መፍቻ ይላቸዋል፤ መፍቻ ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅማ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በየሰው ወጥ ቤት ወለል ላይ ተንጋለው ቧንቧ ሲጠግኑ ነው። የውሃ ነገር ግራ አጋብቷቸው አያውቅም። የደማቸው ነገር ግን ግራ አጋባቸው።

የደም ግፊት ክኒን የጀመሩ ቀን የመድኃኒት ቤቷ ልጅ፣ "ካልሲየም ወደ ሕዋስ የሚገባበትን በር ይዘጋል" አለቻቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። መንገድ ላይ ግን ነገሩ ከነከናቸው። ቫልቭ ሲዘጋ ግፊት ይጨምራል እንጂ መቼ ይቀንሳል? ስንት ቧንቧ በዚሁ ሰበብ ሲፈነዳ አይተዋል! ስለዚህ ክኒኑን የዋጡ መስለው ጓሮ እየወጡ ይተፉት ጀመር።

አንድ ጠዋት ከደንበኛ ቦይለር ሥር ሲነሱ ዓለም ዞረችባቸው። ባለቤታቸው እየጎተቱ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው።

ነርሷ ግፊታቸውን ለክታ ደነገጠች። "ጋሼ፣ ክኒኑን ይውጣሉ?"

"እሱማ..."

"ይተፋዋል!" አሉ ባለቤታቸው። "ጽጌረዳው ሥር አገኘሁት። የአበባው ግፊትማ ወርዶለታል!"

ጋሼ መፍቻ አፍረው የቫልቩን ነገር ተናዘዙ። ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ክንዳቸውን ያዘች።

"በሩ ያለው ደሙ በሚያልፍበት መንገድ ላይ አይደለም። የደም ሥርዎ ግድግዳ ሥጋ ነው። ሥጋው ውስጥ ካልሲየም ሲገባ ይኮማተራል፣ መንገዱም ይጠባል። ክኒኑ መግቢያውን ሲዘጋበት ሥጋው ይላላል፤ መንገዱ ይሰፋል፣ ግፊቱም ይወርዳል።"

"ቧንቧው ራሱን ይጨብጣል?"

"ይጨብጣል።"

"ማን አዞት?"

ነርሷ መለኪያውን ከክንዳቸው ፈታች።

"ታዲያ ካልሲየም ያለበትን ወተት ልተው?"

"ኧረ አይተዉ! የሚቀንሱት ጨው ነው። የጨው ሶዲየም ሕዋሱ ውስጥ ሲበዛ፣ የገባው ካልሲየም መውጫ ያጣል።"

"አንዱን አትግባ ይሉታል፣ አንዱ መውጫ ያጣል፤ ይሄ ሰውነት ነው አልቤርጎ?"

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ክኒንና ውሃ ይዘው ፊታቸው ተገተሩ።

"ገባህ?"

"ምኑ ይገባኛል! ሥጋ ያለው ቧንቧ ጠግኜ አላውቅ።"

"እኔም አልገባኝም። ግን ብቻዬን ጥለኸኝ ልትሄድ ነው?"

ጋሼ መፍቻ ክኒኑን አዩት፤ ሚስታቸውን አዩ። ባልገባቸው ሥራ እጃቸውን አስገብተው አያውቁም ነበር። ዋጡት። ውሃው በደረታቸው ሲወርድ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

"አሁን የቱ በር ጋ ደርሶ ይሆን?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ?" አሉ ባለቤታቸው፣ እንባቸውን እየጠረጉ።