የሸጊት የወተት ጾም

በ1996 ዓ.ም. አምበር ከተማ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርሁ። ሰዉ ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል፤ እኔም አንድ ቀን «አይደለሁም» ብዬ አላውቅም። ስለዚህ የመሪጌታ ገዳሙን ነገር ሳወራ የራሴንም ጉድ ማውራቴ የግድ ነው።

የኔታ ገዳሙ ከከተማዋ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ደብር ድጓ ያስተምሩ ነበር። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ተማሪ ዜማ ሲያበላሽ በመቋሚያቸው መሬቱን የሚደበድቡ ቁጡ ሰው ናቸው፤ ወተት ሲያዩ ግን ሕፃን ይሆናሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱን የምትይዘውም፣ ላሟን የምታልበውም ታናሽ እኅታቸው ማንጠግቦሽ ናት። ሌላዋ የቤቱ ነዋሪ ሸጊት የምትባል ድመት ነበረች።

ሸጊት ሥራ ነበራት። የኔታ በወጣትነታቸው ሰባት ዓመት ሙሉ በገዛ እጃቸው የጻፉት የብራና ድጓ ከነማኅደሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ድመት ባልነበረበት አንድ ክረምት አይጥ ዐሥር ቅጠል በልቶባቸው፣ ዘመድ እንደሞተበት ሰው አልቅሰዋል አሉ። ሸጊት ከመጣች በኋላ አንዲት ቅጠል አልተነካችም። የኔታም ፍስክ በሆነ ቀን ሁሉ ወተቱን መጀመሪያ ለሷ ሳይቀዱ አይጠጡም ነበር።

ያን ዓመት ገና አልፎ ጥምቀት ሲደርስ ሸጊት ማከክ ጀመረች። አንገቷ ላይና ጆሮዋ ሥር ፀጉሯ ረገፈ፣ ቆዳዋም ቆሰለ። ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ ተጠርቼ ሄድሁና በደንብ እንኳ ሳላያት «እከክ ነው» ብዬ መርፌ ወጋኋት። ማንጠግቦሽ ደግሞ በየጠዋቱ ጠበል ትረጫታለች። ሆሳዕና ላይ ፀጉሯ መልሶ በቀለ። ማንጠግቦሽ «ጠበሉ ነው» አለች፤ እኔ «መርፌው ነው» አልሁ። እውነቱን ለመናገር ምስጋናውን ከማንም ጋር መካፈል አልፈለግሁም።

ፋሲካ ውሎ ሳምንት ሳይሞላ ሸጊት ደም እስኪወጣት ታክክ ጀመር። ሁለተኛ መርፌ፣ ሦስተኛ መርፌ፣ ወይ ፍንክች! ግንቦት ላይ ኀፍረቴ ወደ ንዴት ተለወጠ።

«የኔታ፣ ይህ ነገር ወደ ተማሪዎቹ ይተላለፋል። ትገደልና ሌላ ድመት ይፈለግልዎ» አልኋቸው።

የኔታ አልተቆጡም። ጣቶቻቸውን እያጠፉ ይቆጥሩ ጀመር።

«የገና ጾም ተፈታ፣ ታመመች። ሁዳዴ ገባ፣ ዳነች። ፋሲካ ሆነ፣ ታመመች። ለመሆኑ ልጄ፣ ይህ መርፌህ ባሕረ ሐሳብ ተምሯል?»

ማንጠግቦሽ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

«የሰኔ ጾም ሊገባ ነው» አሉ የኔታ። «እስከ ሐምሌ አምስት ቀን ስጠኝ። ከእኔ ጋር ትጹም። ያን ጊዜ ካልዳነች ያልኸውን አድርግ፤ እኔ ግን ቤት ውስጥ ሆኜ እንዳላይ።»

የዚያን ቀን ነው ለድመቷ ሳይሆን ለሳቸው ያዘንሁት።

ከዚያ ወዲያ ለሸጊት ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሥጋ ተከለከለ። የምትበላው እንጀራ በሽሮና ራሷ ያደነችውን አይጥ ብቻ ሆነ። ማንጠግቦሽ «ኧረ ወንድምዓለም፣ የድመት ጾም የት አገር ነው?» እያለች ብታጉረመርምም ትእዛዙን ተቀበለች። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ሄደ፤ ማከኩ ቀነሰ፣ ቁስሉም ጠገገ።

በአራተኛው ሳምንት ስሄድ ሸጊት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አንገቷን ትቧጭራለች። ቁስሉ እንደገና ቀልቷል። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዩዋታል። በዚህ መካከል ማንጠግቦሽ ከጓዳ ወጥታ ወንድሟ እግር ሥር ወደቀች።

«እኔ ነኝ! አንጀቴ አልችል ብሎ ሦስት ቀን በማጀት ወተት አጠጣኋት። እግዜር ይይልኝ፣ ወተት ብቻ ነው፤ ሌላ አልሰጠኋትም።»

የኔታ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት። ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ገባኝ።

«ወተቱ ነው!» አልሁ። «የኔታ፣ ወተት አይስማማትም!»

«ተነሽ፣ እኅቴ» አሉ ማንጠግቦሽን በክንዷ እየያዙ። «ሁለታችንም በፍቅር ልንገድላት ነበር።»

ሐምሌ አምስት ቀን ጾሙ ሲፈታ ጋብዘውኝ ሄድሁ። ሸጊት አንገቷ ላይ ለስላሳ ፀጉር አብቅላለች። የበግ ሥጋ ቆረስ እያደረጉ ሰጧት፤ ከዚያ ወዲያም ሥጋው ምንም አላደረጋት። ማንጠግቦሽ ትኩስ ወተት በዋንጫ ሞልታ ለወንድሟ አቀረበች። ሸጊት እንደ ልማዷ መጥታ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አለችና ቀና ብላ አየቻቸው። የኔታ ዋንጫውን እንደያዙ ቆዩ። ቀጥሎ ለኔ ዘረጉልኝ።

«እንዳታይህ፣ ውጭ ወጥተህ ጠጣው።»

ሸጊት ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ኖረች። ድጓውም ሌላ አንድ ቅጠል ሳይጎድልበት ለተማሪዎች ተረፈ። የኔታ ያን ሁሉ ዓመት ወተት አልቀመሱም። አንድ ፋሲካ ደፍሬ «አይናፍቅዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይናፍቀኛል እንጂ» አሉና ጭናቸው ላይ የተኛችውን ድመት ዳበሱ። «እሷንስ አይናፍቃትም?»