አርሰኒክና የተገመጠ ሳምቡሳ

ካዛንቺስ ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ወሰዱኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «እዚያ ይነግሩሃል» አሉኝ። እዚያም የነገረኝ የለም። በጣቢያው ክፍል በር ላይ መጀመሪያ ያየሁት የጫማ ክምር ነው፤ ከጫማው ወዲያ ፍራሽ ለፍራሽ የተጣበቁ ሰዎች። ካቦው፣ ማለትም እስረኛው የመረጣቸው የክፍሉ አለቃ፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ደንቡን ነገሩኝ፦ ከየቤቱ የሚመጣው ስንቅ አንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል፣ ሁሉም አብሮ ይበላል።

ከትሪው የተከለከለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ተመራማሪ ነው። ኦሎምፒያ ላይ ሲፈትሹት ቦርሳው ውስጥ አርሰኒክ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ተገኘ። መርማሪዎቹ «ማንን ልትመርዝ ነበር?» ይሉታል። ክፍሉም ያንኑ ይጠይቀው ነበር፣ ትንሽ ለስለስ አድርጎ።

«የጉድጓድ ውሃ ውስጥም ያለ ነገር ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «እኔ የማጠናው የሰው ሴል ላይ ምን እንደሚያደርግ ነው።» ከጋቢው ክር መዘዘ። «ይሄ ክሮሞዞም ነው በለው። በየጊዜው ይበጠሳል፣ ሴሉ ራሱ ይቀጥለዋል። አርሰኒክ ክሩንም ይጎዳል፣ ጠጋኞቹንም ሥራ ያስፈታል። ከዚያ የተበጠሰው እንደተበጠሰ ይቀራል፣ ወይ ከማይሆን ክር ጋር ይጋጠማል። ሴሉ ሲከፈል ስህተቱንም ይዞ ይከፈላል። ሰውየው ግን ለዓመታት ደህና ይመስላል።»

ሁሉን ነገር ምሳሌ ማድረግ ሙያዬ ነውና «ስለ አገር ነው የምታወራው?» አልኩት።

«ኧረ ስለ ውሃ ነው» አለ፣ ስልችት ብሎት።

«እኔ ክሮሞዞሜን ከነክሩ እፈልገዋለሁ» አለ አንዱ ከጥግ። ክፍሉ ሳቀ።

«በደንብ አስረድተሃል» አሉት ካቦው። «እጅህን ግን ከትሪው አርቅ።»

ብዙ ያነበበ ሰው ሁለቱንም ወገን ማመን ይችላል፤ እኔም አመንኩ። ሰውየው ግን ለብቻው በሚሰጡት ቁራሽ ዳቦ ፊቱ እየገረጣ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እናቱ ያለበትን አግኝተው ስንቅ ይዘው መጡ። ጊዜው ሁዳዴ ነው። ስንቅ ያመጣ ሰው በር ላይ ጥበቃው ፊት ይቀምሳል፤ ለሌሎቻችን አንድ ጉርሻ ይበቃ ነበር። የእሱ ዕቃ ሲከፈት የምስር ሳምቡሳ ነው፤ እያንዳንዱ ከጫፉ ተገምጧል።

«ሁሉንም አስቀመሷት» አለ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም።»

ከጥግ የቀለደው ሰው ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ካቦውም እስከ ዘጠኝ የሚጾሙ ናቸው፤ ገና አራት ሰዓት ገደማ ነበር። ዕቃውን ተቀበሉት፣ አንዱን አነሱ፣ አማተቡ፣ ከተገመጠው በኩል ገመጡ። የቀረውን ትሪው ላይ ገለበጡት።

«ቅረብ» አሉት።

ቀረበ። እኔም በላሁ፤ ፈርቼም ቢሆን።

እንደታሰርኩት ሁሉ የተፈታሁበትንም ምክንያት አላወቅኩም። ስለ ክሮሞዞም ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ባነበብኩ ቁጥር ይበልጥ ይወሳሰብብኛል። በቅርቡ ሜክሲኮ ታክሲ ስጠብቅ ከካቦው ጋር ተገናኘን። ያን ቀን ተመራማሪውን አምነውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አላመንኩትም። አሁንም እንጃ።»

«ታዲያ ለምን በሉ? እናቱ ብቻቸውን ጾሙን እንዳይሽሩ ነው?»

«ርቦኝ ነበር» አሉና ታክሲው ውስጥ ገቡ።

ሁዳዴን ዕድሜ ልካቸውን የጾሙ ሰው ናቸው። እንደዚያ ያለ ውሸት ከማንም ሰምቼ አላውቅም።