ጉብታው ላይ የወጣችው አቶም

ዛሬ በሬን የሚዘጋው ነፋስ ነው፤ ጓ ያደርገዋል። ያኔ የእህቴ ልጅ አብራኝ ስትኖር በሩ ሲዘጋ አይሰማም ነበር። ደረጃ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ቀስ በሉ ስለምትል ሰፈሩም ስሟን ትቶ «ቀስ በሉ» ይላት ነበር። ከሥራዋ ያመጣችው አመል ነው።

ሥራዋን ስንት ጊዜ አስረዳችኝ። ውፍረቱ የአንዲት አቶም ያህል ብቻ የሆነ ስስ ነገር አለ፤ ከላይ ሲያዩት የማር እንጀራ ይመስላል። እሱ ላይ አንዲት የብረት አቶም ታስቀምጥና ማግኔትነቷን በኤሌክትሪክ ለመለዋወጥ ትሞክራለች። «የሬዲዮ ጣቢያ እንደማስተካከል በይው፣ አክስቴ» አለችኝ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝና ሬዲዮው ገባኝ።

የዚያን ሰሞን እህል አልወርድላት ብሎ ነበር። መሣሪያዋ የሚሠራው እጅግ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ተከቦ ነው። ያ ፈሳሽ ሲያልቅ መሣሪያውን ለሌሎች እሰጣለሁ ብለው አለቃዋ ቆርጠዋል። እስከዚያ ካልተሳካላት የስንት ዓመት ልፋቷን ውኃ በላው። ኤሌክትሪኩን ብትጨምር ብትቀንስ፣ የአቶሟ ማግኔትነት ወይ ፍንክች።

አንድ ቀን ምሳዋን ረስታ ሄደች፤ ይዤላት ሄድኩ። በር ላይ ጫማዬን አስወለቁኝ። ኮቴ መሣሪያውን ስለሚያናውጠው እዚያ ሁሉም በካልሲ ነው የሚሄደው። የእሷ ካልሲ አውራ ጣቷ ጋ ተቀዶ ሳይ እኔ አፈርኩላት። አብሯት የሚሠራው ቀልደኛ፣ እዚህ ቤት የሚያስነጥስ ሰው አስቀድሞ ያስፈቅዳል ብሎ በሹክሹክታ አሳቀኝና፣ መልሶ እንዳልስቅ ተቆጣኝ።

አቶሟ ስክሪኑ ላይ እንደ ዕንቁላል አብጣ ትታያለች። የእህቴ ልጅ በመሣሪያዋ መርፌ ጫፍ ወደ ለጥ ያለው ቦታ ስትገፋት አመለጠቻትና ጉብታ ላይ ወጣች። ያ ስስ ነገር ከሥሩ ባለው ብረት ላይ ሲነጠፍ እንደ አንሶላ እዚህም እዚያም ጉብ ይላል። ጉብታ ላይ የወጣችውን ትቶ ሌላ መፈለግ ልማዳቸው ነው። ቀልደኛውም ፈሳሹ እያለቀ ነው፣ ተያትና ሌላ ያዢ አላት።

«ቆይ» አለችው። «ሁሌ ለጥ ያለው ላይ ነው የምንጠይቃት። እዚህ ላይ ጠይቀናት እናውቃለን?»

ኤሌክትሪኩን ጨመር አደረገች። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር መሀሉ ጎድጓዳ ነው፤ እሱ ከተለወጠ ማግኔትነቷ ተለወጠ ማለት ነው። ጎድጓዳው ሰፋ። ስትቀንስ ጠበበ። ደግማ ስትጨምር ሰፋ። ጣቷ ያዘዘውን ሁሉ እሺ ይል ጀመር።

አለቃዋ ተጠርተው በካልሲያቸው እየተንሸራተቱ መጡ። ድገሚው አሏት፤ ደገመችው። ለካ ለጥ ባለው ቦታ ላይ ከሥር ያለው ብረት አቶሟን ጠፍሮ ይይዛት ኖሯል፤ ጉብታው ላይ ግን ከብረቱ ራቅ ትላለች። አለቃዋ ይህን በሹክሹክታ አስረዱን። ቀልደኛው ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ትንፋሹን ውጦ ቀረ። ቢጮህ፣ ቢዘል አቶሟ ትጠፋለቻ። የእኔዋ ልጅ ደግሞ ቀለበቴ ጣቴን እስኪቆርጠኝ እጄን ጨምቃ ይዛኛለች።

«ፈሳሽ አስመጣለሁ» አሏት አለቃዋ በጆሮዋ። «መሣሪያውን ማንም አይነካብሽም።»

ኮሪደሩን እንደምንም በዝግታ አለፈችው። ውጭ ስንደርስ የጫማዋን ክር እንኳ ሳታስር ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ጮኸች።

«ቀስ በይ እንጂ» አልኳት፣ ምሳዋን እንደያዝኩ ከኋላዋ እየሮጥኩ።