ሁለት ሰው ለአንድ ሞተር

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሴቻ በሚባለው የከተማው ሰፈር በነበረች ትንሽ የመንግሥት የናፍጣ ማመንጫ ጣቢያ እሠራ ነበር። የፈረቃ ጓደኛዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የጫኖ መንደር ሰው ነው። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ የሞተሩ ጩኸት ጆሮውን አደንቁሮታል። በእጅ ምልክት እንግባባ ነበር። ሚስቴ፣ "ከእኔ ይልቅ ከሱ ጋር ታወራለህ" እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንዲት ባለሙያ መጣች። የመንግሥት ማመንጫዎች አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በስንት እንደሚያመርቱ ተለክቶ ይወዳደራሉ፤ ወጪው የበዛበት ይዘጋል አለችን። ናፍጣው፣ ዘይቱ፣ መለዋወጫው፣ ደመወዙ ይደመርና ላመነጨነው ይካፈላል። ከውኃ ማመንጫዎች ጋር መወዳደራችን አናደደኝ። እነሱ ወንዝ አላቸው፤ የእኛ ናፍጣ ስንት አገር አቋርጦ በቦቴ ነው የሚመጣው። እሷም ክፉ አልነበረችም፣ የመንገዱን ርቀት አስባልናለች። ግን ናፍጣው አይቀነስ፣ መንገዱ አያጥር። የቀረው ሰው ነው።

"አንድ ሞተር ላይ ሁለት ሰው አላችሁ፤ ሌላ ቦታ አንድ ነው" አለች።

"የሱን ጆሮስ በየትኛው ወጪ ያስገቡታል?" አልኳት። ንዴቴን አልደበቅኩም።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ለጆሮ መደብ የለኝም" አለች ቀስ ብላ።

ቅነሳው ሲመጣ ሰርተፍኬት ያለኝ እኔ ቀረሁ፤ ያስተማረኝ ሄደ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ የሚባለው ያኔ ገባኝ። ማንም በሌለበት በእጄ ምልክት ስሰጥ ራሴን ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው። ናፈቀኝ።

ከርሞ የኤሌክትሪክ መስመር ከሩቅ ተስቦ ሊገባ እንደሆነ፣ ጣቢያችንም እንደምትዘጋ ተነገረን። ከሌላ ከሚሰማው እኔው ልንገረው ብዬ ጫኖ ወረድኩ።

ሙዝ ውኃ ሲያጠጣ አገኘሁት። ከስቷል። ተቃቅፈን ቆየን። ጆሮው ሥር ብጮህም አልሰማ ስላለኝ እንደ ድሮው በእጃችን አወራን፤ ሚስቱ ሳቀችብን። ይቀየመኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ጭራሽ ሙዝ ቆርጦ አሸከመኝ።

ሊሸኘኝ መንገድ ድረስ ወጣ። እዚያ ቆመና፣ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ጮክ ብሎ፣ "ወጪው ቀነሰ?" አለኝ።

ቀንሶ ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ።

"እሰይ፤ እንግዲህ ጣቢያችን አትዘጋም ማለት ነው" አለ። ፊቱ በራ።

የመጣሁበትን ሳልነግረው ተመለስኩ።