አልምልልሽም ያልኳት ጓደኛዬ

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል። ካርቱም ውስጥ የነርስነት ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ። ያን ዕለት የሠራሁት ትክክል ይሁን ስህተት ለወራት እርግጠኛ ስላልነበርኩ ነው እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው።

ከወሎ የመጣሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ነው። እዚያው ካርቱም ሪያድ በሚባል ሰፈር የምሠራላት ማዳም አስተማሪ ስለነበረች ከልጆቿ ጋር ዐረብኛ ማንበብና መጻፍ አስተማረችኝ። ኮሌጅ ስገባ ደግሞ ሥራዬን ወደ ከሰዓት አዞረችልኝ። ጠዋት ከምኖርበት ሰፈር ከጀሪፍ በሚኒባስ ሆስፒታል ለልምምድ እሄዳለሁ፤ ከሰዓት ማዳም ቤት አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ።

በዚያ ዓመት የሴቶች ክፍል ተመደብኩ። ሁላችንም ሐጃ የምንላቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ከእኔ እጅ ካልሆነ መድኃኒት አልውጥም ይሉ ነበር። አንድ ጠዋት የደም ግፊታቸውን እየለካሁ እያለ አረፉ። ሐኪሙ ልብሽን አታድክሚ፣ በሽታው የቆየ ነው አለኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ያጠፋሁ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ ልቤ ይመታል። ምግብ አልወርድ አለኝ። ግሉኮሱን በትክክል ከፍቼው ይሆን እያልኩ ከመንገድ እመለሳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሐበሻዋ አልቻለችም እንዳይሉኝ ፈራሁ። እናቴም ስትደውል ሁሉ ነገር ጥሩ ነው እላታለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን መርፌ እንድወጋ የታዘዝኩላት ሴት እጄ ሲንቀጠቀጥ አይታ ክንዷን ሰበሰበች። መርፌውን ለሌላ ተማሪ ሰጥቼ ወጣሁ። ዩኒፎርሜን አውልቄ ላልመለስ ወስኜ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገባሁ።

ሰው ቀድሞኝ ነበር። ከመደርደሪያው ጀርባ ኢህሳን መሬት ላይ ተቀምጣለች። ድምፅዋ እንዳይሰማ የትራስ ልብስ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች። ኢህሳን የክፍላችን አንደኛ ናት። ሰላም ስለማትለን ኩራተኛ ትመስለኝ ነበር።

ውጪልኝ አለችኝ። አልወጣሁም፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሌላ የምለው ስላጣሁ ስለ ሐጃ ነገርኳት። ስጨርስ እሷም ተናገረች። እንቅልፍ ከተለያት ሳምንታት ሆኗታል። ያነበበችው አይገባትም፤ ቤተሰቧ ግን ዘንድሮም አንደኛ ትሆናለች ብሎ ይጠብቃል።

"ነገ ባልነቃ ደስ ይለኛል" አለችኝ።

ደነገጥኩ። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አላውቅበትም፤ ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል ወይ ብዬ በቀጥታ ጠየቅኳት። አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ወዲያው እጄን ይዛ ለማንም እንዳልናገር ማይልኝ አለችኝ።

"ወላሂ አልምልልሽም" አልኳት። "ብትጠይኝም ጥይኝ። አሁን ተነሽ፣ አብረን እንሄዳለን።"

ከትምህርት ያባርሩናል አለች። ካባረሩ ሁለታችንንም ያባርሩን አልኩና አስነሳኋት። ኮሪደሩን ሙሉ እጇን አለቀቅኩም።

የሄድነው አስተማሪያችን ሲስተር አማል ጋ ነው። ቆቧ የተጣመመ ተማሪ ከክፍል የምታስወጣ ሴት ስለነበረች ሁላችንም እንፈራታለን። በሩን ዘግታ አስቀመጠችን። እኔ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ተናገርኩ። ሲስተር አማል አልተቆጣችም። ኢህሳንን ቀስ ብላ ጠየቀቻት፤ የአእምሮ ሐኪም ጋ ራሷ ደወለች፤ እናቷንም አስጠራች። እናትየው እስኪደርሱ ከአጠገቧ ለደቂቃ አልተነሳችም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ፣ ቢንቲ፣ ልጄ?"

ምንም አልሆንኩም አልኳት።

"ምንም ካልሆንሽ አንሶላ ክፍል ውስጥ ምን ትሠሪ ነበር?"

ሐጃ ከሞቱ ወዲህ ያን ጊዜ ገና አለቀስኩ።

ትምህርቱን እንደማልተው እዚያው ወሰንኩ። በማግስቱ ሲስተር አማል አጠገቤ ቆማ መርፌ ወጋሁ። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ወጋሁ። ለጥቂት ወራት እኔም ሐኪሙ ጋ ተመላለስኩ። ሲስተር አማል በሳምንት አንድ ሰዓት ተማሪዎች የሚከብዳቸውን የሚነጋገሩበት ጊዜ አበጀች። የመጀመሪያ ቀን አፉን የሚከፍት ጠፋ። እኔ ተነስቼ ስለ ሐጃ ስናገር፣ ከኋላ አንዲት ልጅ እኔም እንደዚህ ነኝ አለች። ከዚያ ሌላዋ ቀጠለች።

ኢህሳን ግን ተቀየመችኝ። ዓመቱን አቋርጣ እቤቷ ስትታከም ሁለት ጊዜ ልጠይቃት ሄጄ አላናግራትም አለች። ምስጢሯን አወጣሁባት፤ እኔ ባልኖር ኖሮ ትምህርቷ አይቋረጥም ነበር ይሆን እያልኩ ራሴን ወቀስኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ሲጀመር ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ ጋ ሚኒባስ ስጠብቅ ከኋላዬ ስሜን የሚጠራ ሰው ሰማሁ። ኢህሳን ናት፤ ዩኒፎርም ለብሳለች። ወፈር ብላለች። "ያላ፣ እንዳይረፍድብን" ብላ ክንዴን ይዛ ወደ መኪናው ጎተተችኝ። ስለዚያ ቀን አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። ቁጭ ካልን በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ክንዴን አለቀቀችም።

ዛሬ ሁለታችንም ነርሶች ነን፤ እሷ ሕፃናት ክፍል ትሠራለች። ያን ዕለት የሚያስፈራ ነገር ነበር የሠራሁት፤ ወዳጅነቷን ለዘለዓለም ላጣው እችል ነበር። ያም ሆኖ ዛሬ ሌላ ልጅ እጄን ይዛ ማይልኝ ብትለኝ፣ አልምልላትም።